ደሴ ላይ «ባለ ጋዝ ኪችን» ቤት ካሳዩዋችሁ ካቢኔቱን ሳታስከፍቱ ቀብድ እንዳትሰጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ቤት የምትፈልጉ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ፣ ለምታውቁትም ሰው አድርሱልኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም። ሲበርድልኝ ልጻፍ ብል ግን ቤቱ እስከዚያ ለሌላ ሰው ይከራያል። የአራት ዓመት ልጄን ከሚያፈስ የጋዝ ሲሊንደር አጠገብ ያስተኛው አከራይ 35,000 ብሬን ይዞ «የትም ብትሄጂ አታገኚውም» ብሎኛል። 27,000ው የሦስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ነው፤ 8,000ው ደግሞ «የስቶቭና የሲሊንደር ማስያዣ» ተብሎ የተወሰደ። የደላላውን ኮሚሽን አልቆጠርኩትም።

አካሄዳቸውን ታውቁታላችሁ። ደላላው ይደውልና «እህቴ ቶሎ ድረሺ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው» ይላል። ስትደርሱ ሌላ ሰው የሚባል የለም። ቤቱ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኪችኑ ካቢኔት የተገጠመለት፣ ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ የተቀመጠበት። እውነት ለመናገር ዓይን ይስባል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ነው የሚሠራው፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ይመሻል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል ከማያያዝ እገላገላለሁ ብዬ ደስ አለኝ። አከራዩም ይህንን ከፊቴ ላይ አነበበው። «ጎረቤቱ ሁሉ በጭስ ዓይኑን ሲያሽ አንቺ ቁልፏን ዞር ነው!» አለኝ። ለዚያች ቁልፍ ነው እዚያው ግቢ ካለው ተመሳሳይ ክፍል 1,500 ብር አስበልጦ በ9,000 ያከራየን።

ባለቤቴ ውል ከመፈረማችን በፊት «ጋሼ፣ ሲሊንደሩ የት ነው? እንየው» አለ። ሰውዬው ከስቶቩ ሥር ያለችውን የካቢኔት በር በእጁ መታ መታ አደረጋትና «አዲስ ነው፣ ሬጉሌተሩም አዲስ ነው። ልጆች እንዳይነካኩት በብሎን አስሬዋለሁ። ሲያልቅ እኔው ነኝ የማስቀይረው፣ እናንተ አትድከሙ» አለ። ደላላውም ከጎኑ ሆኖ «ጋሼ ለተከራይ እንደ አባት ናቸው» እያለ ያጅበዋል። ጠየቅን፣ በአፉ አረጋገጠልን፣ ከፈልን።

ሽታው የመጣው ገና ከመግባታችን ነው። እንደ ተበላሸ እንቁላል ያለ፣ ጠዋት ስትነሱ የሚቀበላችሁ፣ በር ከፍታችሁ ትንሽ ስትቆዩ የሚጠፋ። ደወልኩ። «የቀለም ሽታ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። ቀለም እንዲህ አይሸትም አልኩት። ሌላ ጊዜ ስደውል «የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ነው፣ ውሃ ድፊበት» አለ። ደፋሁበት። በመጨረሻ ስልኬን ማንሳት ተወ። ደላላውንማ ተዉት፤ ቁጥሬን ዘግቶታል መሰለኝ።

ሰው የማያስተውለው ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልናገር። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የሚከረፋው ሽታ ሜርካፕታን የሚባል ኬሚካል ነው፤ ጋዙ ሲያፈስ ሰው እንዲያውቀው ተብሎ ሆነ ተብሎ ይጨመርበታል። ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምደዋል፤ ውስጥ የዋለ ሰው «አሁን ጠፋ» ብሎ ይዘናጋል እንጂ ጋዙ አልጠፋም። ከዚህ የባሰው ነገር ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጥግ ጥጉን ይተኛል። ከአየሩ ውስጥ 2 ከመቶ ገደማ ከሆነ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች። የእኛ ኪችን ያለው መስኮት ከላይ ጣሪያው ሥር ነው፣ ክፍት ቢውልም ለወለሉ የሚፈይደው የለም። ደሴ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ማታ በር ገርበብ አድርጎ የሚያድር የለም። ልጄ የሚተኛው ከኪችኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

ጎረቤታችን ስቶቭ የሚጠግን ልጅ አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቡና ልጠጣ ብሎ ገብቶ ገና ከደጃፍ ቆመና «እቴ፣ ማንም መብራት እንዳያበራ፣ እንዳያጠፋም» አለኝ። ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። እሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፣ አየሩ እስኪገባ ድረስ ጠበቀ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን አምጥቶ የካቢኔቷን ብሎኖች ፈታ።

እዚያ ውስጥ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። «አዲስ» የተባለው ሲሊንደር ከሥሩ ዝጎ ሴራሚኩ ላይ ቡናማ ክብ አትሟል። ሲሊንደሩ ራስ ላይ ጋዙን ከሚያመጥነው ሬጉሌተር ወደ ስቶቩ የሚሄደው ጎማ መሐል ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ የብስክሌት ካላማዳሪ ተጠምጥሞበታል፣ በካላማዳሪው ላይ ደግሞ ሽቦ ታስሯል። ጫፉ ላይ ፋሸታ (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) እንኳ የለውም፣ እሱም በሽቦ ነው የተጠፈረው። ልጁ ኦሞ በውሃ በጥብጦ በስፖንጅ ቀባው። ወዲያው ካላማዳሪው ሥር አረፋው ተፍ ተፍ ማለት ጀመረ፣ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው እያበጠ። ስቶቩ እኮ ጠፍቷል! አራቱም ቁልፎች ተዘግተዋል! ሌሊት ስንተኛም እንደዚያው ነበር ማለት ነው።

ይህን እያየን እያለን ነው አከራዩ የገባው። ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ነግሮት ይሆናል። ደንግጦ «ልጁ ደህና ነው?» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ያወጣት ቃል «ማን ክፈቱ አላችሁ?» የምትል ናት። ካላማዳሪውን አሳየሁት። እሱ ግን ትኩር ብሎ እንኳ አላየውም፣ ያውቀዋላ! «ያችኛዋም እንዲሁ ‹ሽታ፣ ሽታ› እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የወጣችው። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። ዓመት ሙሉ ምን ሆነ? ፈነዳ?» አለኝ።

ያችኛዋም! ከእኛ በፊት የነበረችው ተከራይ አመልክታለች። ይህ ሰው ሲሰማ ጎማውን መቀየር አልፈለገም፤ ካላማዳሪ ጠምጥሞ፣ በሩን በብሎን አስሮ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ እኛን አስገባን። ለልጆች ደህንነት ነው ያላት ብሎን ይህንን ለመደበቅ የታሰረች ናት። ባለቤቴ «እንየው» ሲለው እጁን በሩ ላይ መታ መታ ሲያደርግ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር። ወላሂ፣ ከገንዘቡ ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው።

በዚህም አላበቃም። «ይኸው፣ ጋዝ ካለ ይያዝ!» ብሎ ከኪሱ ላይተር አወጣ። አጎንብሶ ወደ ካቢኔቱ ሲያስጠጋው ጠጋኙ ልጅ ዘሎ አንጓውን ያዘው። ሰውዬው የተቆጣው ልጁን ነው፣ «ደግሞ አንተ ማነህ?» ብሎ። በራሱ ቤት፣ ሰው በቆመበት፣ ሴቶችና ሕፃናት ባሉበት ግቢ!

ጠጋኙ ልጅ ሲሊንደሩን ዘግቶ ከቤት አወጣው። ጎማውንና ሬጉሌተሩን ቀይርልን፣ ሲሊንደሩንም አስለውጥ፣ ካልሆነ ገንዘባችንን መልስልን አልኩት። መልሱ «ከፈራሽ ከሰል አለልሽ፣ እናቶቻችን በምን አሳደጉን?» የሚል ነበር። በከሰል ታፍኖ ያደረ ቤተሰብ ወሬ ያልሰማ የደሴ ሰው ያለ ይመስል! በብርድ ምክንያት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጩኸት የለው። ከጋዙ ሞት አውጥቶ ወደ ከሰሉ ሞት ነው የሚመክረኝ።

ሰፈር ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ለመኑት። ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አጣምሮ፣ «ውሉ ላይ ጋዝ የሚል ቃል አለ? አንብቡልኝ» አላቸው። ደላላው በእጁ የጻፋት አንድ ገጽ ውል ናት፤ የቤቱ ክፍሎች ብዛትና የብሩ መጠን እንጂ ሌላ የለባትም። ቀጥሎ «እንደውም ካቢኔቴን ሰብረዋል፣ ማስያዣው ለእሱ ነው» አለ። በመጨረሻ በሌላ ስልክ ያገኘሁት ደላላ ያለኝን ስሙት፦ «እህቴ፣ እኔ ቤት ነው ያከራየሁሽ፣ ጋዝ አላከራየሁሽም።» ኮሚሽኑን ሲቀበል ግን «የጋዝ ኪችን ስላለው ነው» ብሎ ነው ያስጨመረኝ።

ውሉ ላይ ባይጻፍስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለሚውልበት አገልግሎት በሚበጅ ሁኔታ ማስረከብና በኪራዩ ዘመን የሚያስፈልገውን ጥገና ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። ይህንን ለመገንዘብ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። ስቶቩ የእሱ፣ ሲሊንደሩ የእሱ፣ ጎማው የእሱ፣ በየወሩ የተጨመረው 1,500 ብር ወደ እሱ ኪስ። ታዲያ ሲያፈስ የኔ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ስለ ቅድሚያ ክፍያውም ቢሆን፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበልን ከልክሏል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኑት መሠረት ነው፤ አከራዮቻችን ግን አዋጅ መኖሩንም የሰሙ አይመስሉም። ሦስት ወር ካልከፈልሽ ቁልፉን አትይዢም ነው የሚሉት።

እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ማመን አቃታት። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የጋዝ ደህንነት ደንብ አለ። አከራዩ ያቀረበውን የጋዝ ዕቃ በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ ማስመርመር ግዴታው ነው። የምርመራውን ወረቀት ለነባር ተከራይ በ28 ቀን ውስጥ ይሰጣል፣ ለአዲስ ተከራይ ደግሞ ገና ሳይገባ። ያላደረገ ይከሰሳል። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጠይቅ ተከራይ ቢመጣ አከራዩ እንደ እብድ ያየዋል። እኔ ግን የጠየቅኩት ወረቀት አልነበረም፤ ጥቂት መቶ ብር የሚያወጣ ጎማ ብቻ ነው።

እኛ አሁን ወጥተናል፣ እህቴ ጋ ተጠግተናል። ልጄ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ቤት ለምትፈልጉ በአጭሩ፦ ሲሊንደር ያለበት ካቢኔት በፊታችሁ ይከፈት። ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ማያያዣዎቹ ላይ ሁሉ የሳሙና አረፋ አስቀቡበት፣ በክብሪት ልሞክር የሚል ካለ ጥላችሁ ውጡ። ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነና ድስት የሚያጠቁር ቢጫ ከሆነ ስቶቩ በደንብ እያቃጠለ አይደለም፣ ያንንም አስጠግኑ። ሲሊንደር ከተቻለ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ሽታ ከመጣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ ውጡ። ስቶቭ፣ ሲሊንደርና ጥገናው የማን እንደሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ደላላው ትናንት ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ ይህንኑ ቤት «ባለ ጋዝ ኪችን ነው፣ ቶሎ ድረሺ» ብሏታል። ጎማው ተቀይሯል ወይ ብላ ስትጠይቀው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ጠጋኙ ልጅ ያነሳው ፎቶና ቪዲዮ በእጄ ነው፣ ክስ ለመመሥረት እየተዘጋጀሁ ነው። ከእኛ በፊት እዚያ ቤት የነበርሽው እህቴ፣ ስምሽን አላውቀውም፤ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ በውስጥ መስመር አናግሪኝ። ስለ ሽታው ነግረሽው እንደነበር የምትመሰክሪልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።