በሐዋሳ ገንዘብ ያወጣሁባቸው ትንንሽ ቤቶች

ከውጭ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ሐዋሳ ሲገባ ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ሐይቁ ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል፣ የኪራይ መኪና፣ ማታ ማታ ሙዚቃ ያለበት ቤት። ይህን አልነቅፍም፤ ትልልቆቹም ሠራተኛ ይቀጥራሉ። እኔ ያረፍሁት ግን እናቴ ቤት ነው። ስለዚህ ከጀርመን ይዤው የመጣሁት ገንዘብ በአብዛኛው ያለቀው በእግር በሚደረስባቸው ብረት ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎችና አሣ ቤቶች ነው። ስለ አገልግሎታቸው ያየሁትን እጽፋለሁ፤ «የሰፈር ልጆች ስለሆኑ አይወቀሱም» ከሚሉት ወገን ግን አይደለሁም።

ትልቁ ወጪዬ የግቢው በር ነበር። የእናቴ በር ከሥሩ ዝጎ፣ ድመት ሳይቀር በስንጥቁ ይገባ ጀምሯል። ወንድሜ ተሠርቶ ያለቀ በር ከአዲስ አበባ እናስመጣ አለ። እኔ ደግሞ ወደ አቶቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የብረታ ብረት ቤት መረጥሁ። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ሁለት በያጆች፣ አንድ ቀለም ቀቢና ሥራ የሚለምድ ልጅ አብረውት አሉ። የመበየጃ ማሽኑን በምን እንደገዛው ጠየቅሁት። መጀመሪያ ባንክ ሄዶ ነበር፤ መያዣ የሚሆን ቤት ወይም መኪና አምጣ አሉት። «ቤትና መኪና ቢኖረኝ መች ብድር እጠይቅ ነበር፣ እትዬ?» አለኝ። ማሽኑን የገዛው ዕቁብ ሲደርሰው ነው።

በሥራው ላይ የወደድሁት ዋጋውን ዘርዝሮ መጻፉን ነው። ላሜራው ይህን ያህል፣ ቱቦላሬው ይህን ያህል፣ ኤሌክትሮድ፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ በመጨረሻም የእጅ። «ከፈለጉ ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፤ እኔ የእጄን ብቻ እወስዳለሁ» ብሎ ምርጫውን ለእኔ ተወው። አብረን ወደ ብረት መሸጫ ሄደን ዋጋውን ሳጣራ፣ የጻፈው ከገበያው ጋር ይገጥማል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ዩሮ ለያዝሁት ለእኔ ምንዛሪው በጀኝ፤ ከውጭ በሚገባ ብረት ለሚሠራው ለእሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀብድ ተቀብሎ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ዕቃው ከጨመረ፣ ልዩነቱ የሚወጣው ከራሱ ኪስ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ «ትንሽ ቀንስ» ማለት አልቻልሁም። ወንድሜ ግን ቻለ።

አሁን ወቀሳው። በሩ ይደርሳል የተባለበት ቀን አለፈ፤ «ነገ» ተባለ፤ ነገም አለፈ። ምክንያቱ መብራት ነበር። ቀን ጠፍቶ ማታ ሲመጣ፣ ልጆቹ በሌሊት ተነሥተው ሲበይዱ እንደነበር የነገረችኝ ቡና የምታፈላው ጎረቤታቸው ናት። ለምን አልደወሉም? ስልክ መደወል መብራት አይፈልግም። የሚገርመው በሌሊት ለመሥራት የማይሰንፍ ሰው፣ ሥራው እንደዘገየ ለመናገር ያፍራል። ይህን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነገርሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሩ ተተክሎ ታችኛው ጠርዝ መሬት ሲነካ ግን፣ እኔ ሳልጠራቸው እናቴ ደውላላቸው በማግሥቱ ጠዋት መቁረጫቸውን ይዘው መጡና ያለ ክፍያ አስተካከሉት። ከአዲስ አበባ የመጣ በር ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣልን ነበር?

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያለችው አሣ ቤት ሁለተኛዋ ናት። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኞች ከብበው ይቆማሉ፤ ልጆቹ አሣውን እየገፈፉና እየበለቱ የሚጥሉትን ይጠብቃሉ። ባለቤቷ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን አሣ እዚያው ገዝታ፣ በቢላ ተልትላ ጠብሳ ከዳጣ፣ ማለትም ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ እና ከዳቦ ጋር ታቀርባለች። ጥብሱ ውጪው ይሰበራል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ዳጣው ያስለቅሳል። ይህችን ምሳ ለማብላት መረብ የሚጠግነው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ አሣ የሚበልተው፣ እንጨት የሚያቀርበውና ዳቦ የምትጋግረው ሁሉ እጃቸውን አስገብተዋል፤ ከአንድ ሳህን ላይ የስንት ሰው እንጀራ እንደሚወጣ እዚያ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ሾርባው ግን ቀጭን ነው፤ እጅ መታጠቢያው ላይም ሳሙና አልነበረም። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ስለሌለ፣ ከእኔ የተጠየቀውና ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ የተጠየቀው ሒሳብ አንድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የእኅቴ ልጅ እንድታዝዝ አደረግሁ፤ ዋጋው ወዲያው ልኩን ያዘ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመዳፍ የማይተርፍ አሣ ቢያቀርቡላችሁ መልሱት። ሳይራባ የተያዘ አሣ ለሐይቁም ለአጥማጁም ኪሳራ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ፣ ከማሽኗ ጋር ለመቀመጫ ብቻ የሚበቃ ቦታ አላት። ስፌት የለመደችው በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው። በጎርጎርዮሳዊው 2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከሚልኩበት ዕድል፣ ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉት ፋብሪካዎች ተጎዱ፤ እሷም ከሥራ ወጣች። አሁን ሁለት ማሽን አላት፤ በአንዱ ላይ አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ተቀምጣለች። ለእናቴ ያሰፋሁት ቀሚስ ያለ አንድ እንከን በቀኑ ደርሷል። ስፌቱን በማጉያ ብታዩት አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ የፋብሪካ እጅ ያስታውቃል። ደረሰኝ ግን የላትም፤ የልብሱን ልክ የምትጽፈው አሮጌ ካሌንደር ጀርባ ላይ ነው።

እዚህ ቤት ያየሁት አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ከመደርደሪያው በላይ ተሰፍተው ያለቁ፣ በፌስታል የተጠቀለሉ ልብሶች ተከምረዋል። የማን እንደሆኑ ስጠይቅ ሳቀች። ለበዓል ከውጭ መጥተው፣ ጥቂት ቀብድ ከፍለው፣ ልብሱን ሳይወስዱ አውሮፕላን የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው። ጨርቁ በሌላ ሰው ልክ ተቆርጧል፤ ለሌላ አይሸጥም። እኛው ነን እንግዲህ፣ ስደት ላይ ሆነን «የአገራችንን ወጣት እንደግፍ» እያልን በየስብሰባው የምናጨበጭበው። አንዲት ዘመዷ ደግሞ በየበዓሉ በዱቤ ታሰፋለች፤ ከዘመድ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ዝም ተብሏል። እነዚህ ልጆች ከእኛ ስጦታ አይጠብቁም። የሠሩበትን ሙሉ ዋጋ፣ በቀኑ፣ ሥራው ካልተወደደም ምክንያቱን ብንነግራቸው ይበቃቸዋል።

ባጃጆቹን ባጭሩ፦ ፈጣን ናቸው፤ አብዛኞቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፤ ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ባለቤት ስላልሆነ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስረከብ አለበትና ዝርዝር የለኝም ሲል ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። አንዳንዴ ግን ነው።

የሚቀጥለው ክረምት ላይ ሐዋሳ የምትመጡ፣ በርም ቀሚስም ልታሠሩ ካሰባችሁ በደረሳችሁበት ሳምንት እዘዙ። ዋጋውን አስጽፉ፤ ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ወጪ የሚሸፍን ይሁን፤ መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩበት። ሳትወስዱ ልትበሩ ከሆነም ቀሪውን ከፍላችሁ፣ ልብሱን የሚረከብ ሰው ስልክ ቁጥር ካሌንደሩ ጀርባ ላይ አስጽፉ።