የዘጌ አስጎብኚዎች አገልግሎት፦ የባህል አንትሮፖሎጂን ለሚማር ሰው

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድር ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አብዛኛው ጎብኚ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ተሳልሞ፣ የመቅደሱን ሥዕሎች ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ሳይውል ይመለሳል። እዚህ የምገመግመው ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ አስጎብኚዎች በእግር እያዞሩ ቀኑን ሙሉ የሚሰጡትን አገልግሎት ነው። የባህል አንትሮፖሎጂ (ከሕዝብ ጋር ተቀምጦ አኗኗሩንና ልማዱን የማጥናት ሙያ) ባለሙያ ዕድሜውን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ ማወቅ ለሚሻ ተማሪ፣ በጣና ዳርቻ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ዘጌ ለሙያው የተመቸ ቦታ ነው። በነዋሪዎቹ ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምክንያት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ቶም ቦይልስተን የተባለው አንትሮፖሎጂስት ከአንድ ዓመት በላይ በዚህ ተቀምጦ ስለ ጾም፣ ስለ ማዕድና ስለ ክልከላ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አውጥቷል። አስጎብኚያችን ይህን መጽሐፍ ባያነሳም ቁም ነገሩን ከኑሮው ያውቀዋል፤ ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ቅዳሴ ሳይወጣ በሰው ደጅ ስንቃችንን እንዳንፈታ ገና ከጀልባ ስንወርድ አስጠንቅቆናል።

ከሁሉ የበለጠብኝ በቡናው ጥላ ሥር ያየሁት ነው። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ቡና ያበጥሩ ነበር። አስጎብኚው «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ የቤተሰቡን ደኅንነት በየተራ ከጠየቀ በኋላ፣ እኛን የውጭ ሰው አድርጎ ከማስተዋወቅ ይልቅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የወደቀውን ፍሬ ይለቅም ጀመር። እኛም ተከተልነው። ብዙ ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው የትኛው የቡና እግር በእናታቸው፣ የትኛው በባላቸው አባት በኩል እንደመጣ እየጠቆሙ ያወጉን ጀመር። መጠይቅ ይዘን ብንቀርብ ኖሮ ይህን ወግ የምናገኘው አይመስለኝም።

የአንትሮፖሎጂስቱን የአለን ሆበንን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ወግ ትልቅ ትርጉም አለው። ሆበን በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ የመሬት መብትን፣ ሥርዓት አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመ ሲሆን፣ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከብዙ አያት ቅድመ አያት ርስት መጠየቅ እንደሚችል፣ በተግባር የሚያገኘው ግን እንደ ተሟጋችነቱና እንደ ሰውነቱ ክብደት መሆኑን ያሳየ ሰው ነው። ርስት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቀርም ትውልድ ቆጠራው ዛሬም በሰው አፍ አለ። ሆበን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የኢትዮጵያን የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ መነሻ ሐሳቦች የሚተች ጽሑፍ አወጣ። ከአርሶ አደር ጋር ተቀምጦ ማዳመጥን የተማረ ሰው በኋላ የመንግሥትንና የለጋሾችን ዕቅድ በዚያው ዓይን መመርመሩ፣ ለእኔ የሙያው ዋና ፍሬ ነው።

አገልግሎቱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ የሚሰጠው ማብራሪያ በቃል የተጠና ስለሆነ ስለ አንድ ሥዕል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። የመግቢያ ክፍያው በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ስለሚጠየቅ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የጀልባው ነው፤ ያጓጓዘን የጀልባ ሠራተኛ የደንገል ታንኳ ስለሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በንቀት ሲናገርና ጎብኚዎች ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ እንዲያነሷቸው ሲገፋፋ ሰምቻለሁ። ጣናን በዚያ ታንኳ ሲቀዝፍ የኖረ ሕዝብ ታሪኩን ራሱ ሊናገር ይገባዋል፤ አስጎብኚዎቹም ከነገደ ወይጦ ወገን ባልደረባ ቢጨምሩ አገልግሎታቸው እጅግ ይሻሻላል።

ለመሄድ ላሰበ፦ ቡና በሚለቀምበት ወራት ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ሁሉ ደጅ ስለሚውል ወግ አይጠፋም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሁለቱን ብቻ አይቶ የቀረውን ሰዓት ለመንደሩ ማዋል እንደምትፈልጉ ለአስጎብኚው ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት። በጣና ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ፣ እግረ መንገዱን እሱንም ለማየት ያቀደ ድብልቅ ቡድን ይህን አስቀድሞ ይወቅ።