ለአፕ መሞከሪያ፦ አዲስ ርካሽ ቴክኖ ወይስ ያገለገለ ሳምሰንግ?

ፕሮዳክት ማናጀር ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ለአፕ መሞከሪያ ስልክ ልንገዛ ነው። አዲስ ቴክኖ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ሳምሰንግ?» ቴክኖ ግዙ። አይቴልም ቢሆን ያው ነው።

ከዋጋ ልጀምር። እኛ ስንገዛ ትንሿ ቴክኖ ከነካርቶኗ 14 ሺህ ብር ነበረች። ያገለገለው ጋላክሲ 13 ሺህ ተብሎ፣ ስንከራከር 12 ሺህ 500 ገባ። 1,500 ብር ተረፈ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የሳምሰንጉ ጀርባ ተነሳ፤ ባትሪው አብጦ ነው። ለባትሪ 1,800 ብር ወጣ። ትርፉ እዚያው አለቀ። ከኮዬ ፈጬ መሃል ከተማ ድረስ መመላለሻው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ጠጋኙ ሲከፍተው ስክሪኑም ኮፒ ሆኖ ተገኘ። ጠርዙ ንክኪ አይቀበልም። የአፓችን «ክፈል» ቁልፍ ያለው ታች ጥጉ ላይ ነው። አልሰራ ሲል ዴቨሎፐሮቹ ኮድ ሲፈትሹ ዋሉ። ኮዱ ምንም አልነበረውም።

የግድ ሳምሰንግ ካላችሁ ሻጩ ፊት *#0*# ደውሉ። በሚከፈተው ገጽ ላይ «ተች» የሚለውን ነክታችሁ ጠርዝ ጠርዙን በጣት አስምሩ። አረንጓዴ ያልሆነ ሳጥን ከቀረ ተዉት። ገጹ ጭራሽ ካልተከፈተ ስልኩን ተጠራጠሩ። ሴቲንጉ ላይ 8 ጊጋ ራም (የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ) ተጽፎበት ውስጡ ሩቡን የማይሞላ ኮፒ ገበያ ላይ አለ። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» ሥር ስልኩ «ሰርቲፋይድ» (በጉግል የተረጋገጠ) መሆኑንም እዩ። ካልሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለእኔ ግን ከብሩም በላይ የሚከብደው ተጠቃሚው ነው። ደንበኞቻችን የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ባለሱቆች ናቸው። ብዙዎቹ የያዙት ራሟ 2 ጊጋ የሆነች ስልክ ነው። ባለሱቋ ዕቃ ትመርጣለች፣ ልትከፍል ቴሌብር ትከፍታለች፣ ስትመለስ የእኛ አፕ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። የመረጠችው ሁሉ ጠፍቷል። ራሙ ስላልበቃ ስልኩ አፓችንን ዘግቶታል። ሳምሰንጉ ላይ ይህ ችግር አንድም ቀን አልታየም። ባለ 2 ጊጋዋ ትንሿ ቴክኖ ግን በገባችበት ቀን አሳየችን። አፑን አስተካከልነው፤ አሁን የተመረጠው ዕቃ ወዲያው ስልኩ ላይ ይቀመጣል።

ደንበኞቻችሁ ውድ ስልክ የሚይዙ ከሆኑ ሳምሰንግም ያስፈልጋችኋል፤ ያኔም አዲሱን ግዙ።

ቴክኖዋን ስትገዙ ደረሰኝና የዋስትና ካርድ ሳትቀበሉ አትውጡ። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ጥገና በካርልኬር በኩል ነው፤ እዚያ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ሻጩ «ትንሽ ብር ጨምሩና ባለ 4 ጊጋዋን ውሰዱ» ይላችኋል። ለመሞከሪያ ባለ 2ቷ ትበቃለች። ካርቶኑ ላይ 4+4 የሚል ካያችሁም ሁለተኛው 4 ከስልኩ ማከማቻ የተበደረ ነው፤ ለእሱ ብር አትጨምሩ።