ቶሎ ቶሎ የሚያሳትም ወይስ ቀስ የሚል? የሚና ጨዋታ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ አምስት ሆነን እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዳይስ እየጣልን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። የምንሰበሰበው ጓደኛችን ቤት ነው። እናቱ ቡና ያፈላሉ፣ እኛ ወረቀታችንን እንበትናለን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ አራታችን ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነን እንጫወታለን። ሰሞኑን ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ያሉ ልጆች መጀመር ፈልገው "የትኛውን እንግዛ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ አሳታሚው በዓመት ስንት መጽሐፍ ያወጣል?

እኛ ጋ መጽሐፍ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ ካለ ዘመድ አስልከን ከመስከረም እስከ ጥር ጠበቅን። የአባይን በረሃ ተሻግሮ እጃችን በገባ በሁለተኛው ሳምንት አሳታሚው ሕጉን የሚቀይር አዲስ እትም እያዘጋጀሁ ነው አለ። የአምስታችን መዋጮ ነበር። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ የሽፋኑን ሥዕል ሳይሆን የአሳታሚውን ፍጥነት ነው የማየው።

ከታዋቂው ልጀምር። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛው እትም በ2014 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሠረታዊ መጻሕፍቱ ሦስት ናቸው፣ የአንዱ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነው። በ2015፣ በ2016 እና በ2017 በየዓመቱ የወጡት ዋና ዋና መጻሕፍት ሦስት ሦስት ብቻ ነበሩ። ለእኔ ያ ፍጥነት ልክ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚገናኝ ቡድን አንድ ረጅም ታሪክ ለመጨረስ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። በኋላ ፍጥነቱ ጨመረ፣ በ2024 ደግሞ መመሪያው ታድሶ መጣ። ደግነቱ የ2014ቱ ታሪኮች በአዲሱም ይሠራሉ። የዚህ ጨዋታ ታሪክ ግን ሁሌም እንዲህ አልነበረም። 3ኛው እትም በ2000 ወጥቶ የተሻሻለው በ2003 ተከተለው። ሦስት ዓመት! የመጀመሪያው አሳታሚ ቲኤስአርም በ1990ዎቹ ታሪኩ የሚካሄድባቸውን ዓለሞች አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበ ሲያሳትም ገዢው ተከፋፈለበት፣ በ1997 ከዕዳው ጋር ለአሁኑ አሳታሚ ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ። ጥድፊያው የጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ይህን ከመረጣችሁ በነጻ የሚገኘውን መሠረታዊ ሕግ አውርዳችሁ ጀምሩ። ከወደዳችሁት የተጫዋቾቹን መጽሐፍ አስልኩ፣ ሌላው ይቆያል።

ፓዝፋይንደር የሚባለው ጨዋታ ከሁሉም ይፈጥናል። አሳታሚው ፓይዞ ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየወሩ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሲያወጣ ኖሯል። 2ኛው እትም በ2019 መጣ፣ ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ መመሪያው እንደገና ታርሞ ታተመ። ይህን ሁሉ ልግዛ የሚል ሰው ያብዳል። ግን አንድ ትልቅ ነገር አላቸው፦ ሕጉ በሙሉ፣ አዲሱም ጭምር፣ አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በፈቃዳቸው በነጻ ይነበባል። ስለዚህ ኔትወርክ ላለው ሰው ፍጥነቱ ኪስ አይጎዳም። ኔትወርክ በጠፋ እሑድ ግን ጨዋታው እዚያው ይቆማል። እኛ አገር ይህን ሳያስቡ መግዛት አይሆንም።

እኔ የምወደው ኮል ኦቭ ክቱሉን ነው። በ1981 ወጣ፣ 7ኛው እትም ደግሞ በ2014። አርባ ዓመት ያለፈው ጨዋታ ነው፣ መሠረቱ ግን ያው ነው። የዛሬ አርባ ዓመት የተጻፈ ታሪክ ብታገኙ የገጸ ባሕርዩን ጉልበትና ብልሃት በ5 ማብዛት ነው ዋናው ሥራ። እኛም አድርገነዋል። የድሮው ገጽ ላይ ጉልበት 13 ይላል፣ ከጎኑ በእርሳስ 65 ብለን ጻፍን፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጨዋታው ተጀመረ። አዳዲስ ታሪኮች ይወጣሉ፣ ሕጉ ግን አይነካም። ማስጀመሪያው በነጻ አለ። ምርመራና ፍርሃት ለሚወድ ቡድን ነው፣ ሰይፍ መምዘዝ ለሚወድ አይሆንም።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋሸራ የሚማር ተማሪ ግሱንና የቅኔውን መንገድ ከመምህሩ ይይዛል፣ ከዚያ በየቀኑ ከራሱ ቅኔ ይቆጥራል። የትናንቱን ዛሬ አይደግምም። ጉባኤ ቃና ግን ሁሌም ሁለት ቤት ነው፣ መምህሩ በየዓመቱ ሦስት አድርጉት አይልም። ከአሳታሚዎችም የምፈልገው ይህንን ነው። ሠዓሊና ጸሐፊ ደመወዝ እንደሚፈልግ ይገባኛል፣ ምንም ሳያሳትሙ መኖር አይችሉም። ታሪክ ይሽጡልን። በዓመት አንድ ትልቅ ታሪክና አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ይበቃናል። ሕጉን ግን አሥር ዓመት አይንኩት።

ሞጣ ወይም ደምበጫ ተመድባችሁ የሚጫወት ሰው ካጣችሁ ደግሞ አይረንስዎርን አለ። በ2018 ወጣ፣ መጽሐፉ በነጻ ይወርዳል፣ ብቻችሁን ትጫወቱታላችሁ። የጠፈር ታሪክ ያለው ወንድሙ የመጣው በ2022 ነው። አሳታሚው አይቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ። ባለ 6 ፊት አንድ ዳይስ፣ ባለ 10 ፊት ሁለት ዳይስ ብቻ ይፈልጋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሻንጣው ቢሞላ እንኳ በጃኬቱ ኪስ ይይዝላችኋል።