ከ8 ወር በኋላ፦ ለድንጋይ ፎቶ የገዛኋት የኪስ መብራት

ገጠር ወጣ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። የተጣለ ወፍጮ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ መጅ፣ ጠርዙ የሰላ ባልጩት፣ ጽሑፉ የደበዘዘ የመቃብር ድንጋይ ካገኘሁ ፎቶ ሳላነሳ አላልፍም። ለዓመታት ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነበር። በዓይኔ የማየው ቅርጽ ፎቶው ላይ ድፍን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስልክ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ካሜራው ሳይሆን ብርሃኑ መሆኑ የገባኝ ይቺን መብራት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ከስልክ የምታንስ፣ በቻርጅ የምትሠራ ኤልኢዲ ናት። የብርሃኗ ቀለም ከ3200 እስከ 5600 ኬልቪን ይቀያየራል። እኔ 5600 ላይ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ከቀን ብርሃን ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ስልኩ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ይሆናል። መብራቷን ደግሞ ከጎን፣ የድንጋዩን ገጽ ልትነካ ምንም እስካይቀራት ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ብርሃኑ ገጹን ታክኮ ሲያልፍ ትንሽ ጭረት እንኳ ጥላ ይጥላል። አርኪዮሎጂስቶችም የደበዘዘ ጽሑፍ የሚያነቡት በዚሁ ዘዴ ነው።

አንድ ቀን እርሻ ዳር ግማሹ የተቀበረ ወፍጮ አገኘሁ። በቀን ብርሃን መሐሉ ጎድጎድ ያለ ተራ ድንጋይ ነው። ፀሐዩን በጃኬቴ ከልዬ መብራቷን በጎን ሳበራ ጎድጓዳው በሙሉ ነጠብጣብ ሆኖ ታየኝ። ወፍጮ ሲለሰልስ አይፈጭምና በጠንካራ ድንጋይ ይወቀራል፤ የታየኝ የውቅሩ ምልክት ነበር። ዳር ዳሩ ላይ ነጠብጣቦቹ እንዳሉ ናቸው፣ መሐል ላይ ግን ግማሽ በግማሽ ተፍቀዋል። ማለትም ከመጨረሻው ውቅር በኋላ ጥቂት ተፈጭቶበት ነው የተተወው። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩት፤ ሸካራነቱ እስካሁን አለ።

አንድ ስህተት ግን ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ብርሃኑን ከታች በኩል አታምጡት። አእምሯችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ስለለመደ የተቦረቦረው ፊደል ያበጠ መስሎ ይታያል። ከላይ ከግራ ሲሆን ምንም ችግር የለም።

ድክመቶቿ ብዙ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ትውጣታለች፤ ጥላ ካልሠራን ዋጋ የላትም። ብርሃኗን በጣም ስቀንሰው ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ይወጣሉ፤ ስለዚህ ከግማሽ በታች አላወርዳትም። ባልጩት እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ነጭ ወረቀት ካልሸፈንኳት በቀር ፎቶው ላይ የሚታየው የመብራቷ ነጸብራቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል የሚይዘው ባትሪ አሁን ሰዓት አልፎ ብዙም አይሄድም፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። የቻርጅ ቀዳዳው ክዳን በ5ኛው ወር ተገንጥሏል። ለአቧራ ቦታ ለሚወጣ ዕቃ ይሄ አይገባም፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ድንጋዩን መንካት ማስቀረቷ ነው። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ በጠመኔ የሚቀቡ፣ ሽበቱን በብሩሽ የሚፍቁ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሽበት በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው፣ ሲፋቅም ገጹን ይዞ ይነሳል። ከቦታው ማንሳትም አያስፈልግም። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱት፣ እንደነበረ ተዉት።

ለትልልቅ ድንጋዮች አትበቃም። ስትጠጋ ቅርቡ ጎን ይነጣል፣ ሩቁ ይጨልማል፤ ወደ ኋላ ስትርቅ ደግሞ ጉልበቷ ያንሳል። ለእነሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ልክ ልትጠልቅ ስትል የምትሰጠው የጎን ብርሃን አለ፤ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ግን ሙሉውን ድንጋይ በአንዴ ያሳያል።