ኢንተርኔት መዝጋት ወይስ በሕግ መጠየቅ?

ጥላቻና ሐሰተኛ ወሬ በኢንተርኔት ሲዛመት መንግሥት ሁለት ምርጫ አለው፦ መስመሩን መዝጋት ወይም አጥፊውን ለይቶ በሕግ መጠየቅ።

መዝጋት ፈጣን ነው። ሰኔ 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ሰው እየሞተ፣ ንብረት እየተቃጠለ ስለነበር ስጋቱ እውነተኛ ነው። ግን ማን ተቀጣ? ጥላቻ የሚነዛውም፣ በኦንላይን የሚማረውም፣ በመተግበሪያ የሚሠራው የታክሲ ሾፌርም እኩል። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ የእናቱን ደህንነት በዋትስአፕ መጠየቅ አልቻለም። ወሬው ደግሞ አይቆምም። በስልክና በአፍ ይዞራል። ወሬውን አጣርቶ የሚያስተባብለው ጋዜጠኛ ግን ድምፁ ይጠፋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሕጉስ? የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ይጠይቃል።

ሕጉም አደጋ አለው። ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ተቺን ለማሰር ሊውል ይችላል። ቢሆንም ተከሳሹ ጠበቃ ያቆማል፣ ይከራከራል፣ ይግባኝ ይላል። መስመር የተዘጋበት ሕዝብ የት ሄዶ ይግባኝ ይላል? ስለዚህ ሕጉን እመርጣለሁ፤ ትርጓሜው ግን መጥበብ አለበት።