ለባዮዲዝል መሥሪያ የቱ ካቢኔ ይሻላል፦ ኮምፔንሳቶ፣ ብረት ወይስ ተሠርቶ የሚሸጠው?

በቤት ደረጃ ባዮዲዝል (የአትክልት ዘይትን ሜታኖል ከሚባል አልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ የሚሠራ የናፍጣ ምትክ) መሥራት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቦታ ይቸግረዋል። ጋኑ፣ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ማጣሪያው መሬት ላይ ይዝረከረካሉ። ጎማ ያለው ትንሽ ካቢኔ ይህን ይገላግላል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ከኮምፔንሳቶ መሥራት፣ ከብረት ማስበየድ ወይም የመሣሪያ ካቢኔ ገዝቶ ማስተካከል።

መጀመሪያ ግን ክብደቱን አስሉ። 50 ሊትር ዘይትና 10 ሊትር ሜታኖል ብቻውን 54 ኪሎ ገደማ ነው። ጋን፣ ፓምፕና የካቢኔው አካል ሲጨመሩበት ወደ 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል።

ተሠርቶ የሚሸጠው ዓይን ይስባል። መሳቢያው ይንሸራተታል፣ ቁልፍ አለው፣ ቀለሙም ያምራል። እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ ምክንያቱም ዝግ ሳጥን ነው። ሜታኖል በተራ የክፍል ሙቀት እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፣ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፣ እና እኛ ዘይቱን ወደ 55 ዲግሪ አሙቀን ነው የምንቀላቅለው፤ ሜታኖል ደግሞ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ተን ሳጥን ውስጥ ታምቆ ከፓምፑ ማብሪያ ጋር መገናኘት የለበትም። አየር እንዲያስገባ ልብሳው ካላችሁ ደግሞ ስስ ላሜራው ጉልበቱን ያጣል። ለሚዛን፣ ለጓንትና ለመነጽር ማስቀመጫ ከሆነ ግን ግሩም ነው።

ኮምፔንሳቶ ቀላል ነው፣ በመጋዝና በካቻቪቴ ብቻ ይሠራል፣ ስትሳሳቱም ማረም ይቻላል። ጠላቱ ጠብታ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ካቢኔ የእንጨት ነበር፤ ከማውጫው ቫልቭ ሥር ባለችው ብሎን ዙሪያ መጀመሪያ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ክብ ወጣች፣ ከዚያ በየቀኑ እየሰፋች ሄዳ የታችኛው ጣውላ ጠርዝ ተነፋና መፈልፈል ጀመረ። ስለዚህ ከመገጣጠማችሁ በፊት ሁሉንም ጎን፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ኢፖክሲ (ሲደርቅ ፈሳሽ የማያስገባ ጠንካራ ቅብ) ቀቡት። ቺፕውድ ግን በጭራሽ አትሞክሩ። የዘይት ጨርቅም ውስጡ ጠቅልላችሁ አትተዉ፤ የአትክልት ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል።

ብረቱ ይከብዳል፣ በያጅ ይፈልጋል፣ አንቲሩጂኒ ካልተቀባም ይዝጋል። ለ50 ሊትር ግን እሱን ነው የምመርጠው። በአንግል ብረት የቆመ አጽም ጎኑን በወንፊት ብቻ ብታለብሱት አየር ከታች እስከ ላይ ይመላለሳል። ከጋኑ ሥር የሚገባው የጠብታ መያዣ ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅብ ላሜራ መሆን የለበትም፤ ኮስቲክ ሶዳው ይበላዋል፣ ሲበላውም ሃይድሮጅን ይወጣል። ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። ብየዳው ደግሞ ጋኑ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። ሜታኖል ነክቶት የሚያውቅ ጋን አጠገብ በኋላ ብልጭታ ማምጣት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው።

ጎማ ላይ አትሰስቱ። አራት ጎማ ቢኖርም ወለሉ ስለማይስተካከል ብዙ ጊዜ ሸክሙ ሦስቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጠቅላላውን ክብደት ለሦስት አካፍሉና እያንዳንዱ ያንን የሚችል ግዙ፤ ለ100 ኪሎ እያንዳንዱ 35 ኪሎ መቻል አለበት ማለት ነው። ተራ ላስቲክ ባዮዲዝል ሲነካው ይለሰልሳል፣ ናይለን ግን ይችለዋል፣ ቢንኳኳም። ሁለቱ ፍሬን ይኑራቸው።

ባጭሩ፣ እስከ 20 ሊትር የምትሠሩ ከሆነ በደንብ የተቀባ ኮምፔንሳቶ ይበቃችኋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ብረት። በሁለቱም የፓምፑን ማብሪያ ከካቢኔው አርቃችሁ ግድግዳ ላይ አድርጉት፣ የሜታኖል ጀሪካኑንም ውስጡ አታሳድሩ። ጋኑን ደግሞ ከማውጫው ሥር የግሊሰሪን (ከባዮዲዝሉ ተለይቶ ከታች የሚዘቅጠው ወፍራም ፈሳሽ) ባልዲ የሚገባበት ያህል ብቻ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሲገፋ ይንገዳገዳል። ልክ ከመስጠታችሁ በፊትም የምታሳልፉበትን በር ለኩ፣ ስትለኩ የቫልቩን እጀታ አትርሱ።